የጤፍ አበባ የሚከፈትበት ሰዓት

ተነጋጋሪዎቹ አጎትና የእህት ልጅ ናቸው። አጎት ዕድሜውን ሙሉ በምንጃር ጤፍ ሲያርስ የኖረ፣ ከጓሮው ጥቂት የንብ ቀፎ ያለው ገበሬ ነው። ልጅ ሙያዋ ሰብል ማዳቀል ነው። የመስከረም መጨረሻ ነው፤ ጤፉ ዛላውን አውጥቷል።

አጎት፦ በጨለማ ቀስቅሰሽ እዚህ ያመጣሽኝ የጤፍ አበባ ላሳይዎ ብለሽ ነው። እኔ እንግዲህ ጤፍ ስዘራ ነው ያረጀሁት። የባቄላ አበባ ሽታው ከሩቅ ይመጣል። የኑግ አበባ ማሳውን ቢጫ ያደርገዋል። ሽምብራም ቢሆን ቀረብ ብለሽ ስታዪው ወይን ጠጅ አበባ አለው። ጤፍ ግን ዛላ ያወጣል፣ ያሸታል፣ ይደርሳል፣ ይታጨዳል። መሃል ላይ አበባ የሚባል ነገር አላየሁም።

ልጅ፦ ጋሼ፣ ካላበበ ከምን ያፈራል? እህል ሁሉ የአበባ ልጅ ነው። ይችን አጉሊ መነጽር ይያዙና ዛላውን ሳይቆርጡ በጣትዎ ደግፈው ወደ ዓይንዎ ያቅርቡት። ከጫፉ ይጀምሩ፤ ጤፍ በዛላው ላይ ሲያብብ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው።

አጎት፦ ቅርፊት ነው የሚታየኝ። ጤዛም አለበት።

ልጅ፦ ቅርፊቱ ጥንድ ጥንድ ነው። አንዱ ጥንድ አንድ አበባ ያቅፋል። በእያንዳንዷ ትንሽ ዘለላ ላይ እንዲህ ያሉ አበቦች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ አንዳንዷ አምስት፣ አንዳንዷ ሰባት፣ ከዚያም የሚበልጥ አላት። በዘለላዋ ውስጥ ደግሞ ተራው ይገለበጣል፤ የታችኛው አበባ ነው ቀድሞ የሚከፈተው። ስለዚህ ዓይንዎን ከዘለላዋ ሥር ያሳርፉት። ሰዓቱ 12፡50 ሆኗል፤ አሁን ነው።

አጎት፦ ቆይ… ይኸው ሁለቱ ቅርፊት ተለያየ። ክር የመሰለ ነገር እየወጣ ነው።

ልጅ፦ ስንት ክር?

አጎት፦ ሦስት። በየጫፋቸው ትንሽ ነገር ተንጠልጥሏል።

ልጅ፦ እነዚያ ወንዴዎቹ ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ ያለው የብናኝ ከረጢት ነው። ከሥራቸው ዝቅ ብለው ሲያዩ ፀጉራም የሆኑ ሁለት ነጫጭ ዘንጎች አሉ። ሴቴዋ እነሱ ናቸው፤ ፀጉሩ ብናኝ የሚይዝበት ነው። ከሥሯ ገና ፍሬ ያልሆነችው እንቡጥ አለች፤ ነገ የጤፍ ፍሬ የምትሆነው እሷ ናት። ይኼ ነው የጤፍ አበባ። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ማር የለው። ግን ከጽጌረዳ የሚጎድለው ዋና ነገር የለም።

አጎት፦ ማነው የከፈተው? ፀሐይ እንኳ ገና አልነካችውም።

ልጅ፦ ራሱ ነው። በአበባው ሥር ሁለት በጣም ትንንሽ ሥጋ መሳይ ቅርፊቶች አሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ውኃ ይስባሉ፣ ያብጣሉ፣ የውጭኛውን ቅርፊት ገፍተው ያላቅቁታል። ውኃቸው ሲወጣ ደግሞ ይሟሽሻሉ፤ አበባው መልሶ ይገጥማል። ስንዴም ገብስም የሚከፈቱት በዚሁ ዓይነት ነው። የጤፍ ግን እጅግ አጭር ነው። ከጠዋቱ 12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ ውስጥ የዛሬው ተረኛ ተከፍቶ፣ ጨርሶ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው የሚያየው ቅርፊት ነው።

አጎት፦ እኔ በዚህ ሰዓት በሬ እያወጣሁ ነው። ማሳ ብወርድም ወፍ ለማባረር እንጂ ዛላ ለማየት አይደለም።

ልጅ፦ የተማረውም አላየውም ጋሼ። በአገራችን የጤፍ ምርምር የተጀመረው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ ለዓመታት ጤፍ ሊዳቀል አይችልም ተብሎ ታምኖ ነበር። አበባው በተዘጋ ቅርፊት ውስጥ ራሱን በራሱ ያስረግዛል፤ ሰው እጁን ማስገቢያ የለውም ይባል ነበር። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ከገበሬ ማሳ የተሰበሰበውን እየለዩ ማወዳደር ብቻ ሆነ። በ1974 እ.ኤ.አ. ታረቀ በርሄ የሚባሉ ተመራማሪ ግን ይችን የማለዳ ሰዓት አገኟት። ለእኔ በአገራችን የእርሻ ምርምር ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ግኝት የለም። ውድ መሣሪያ አላስፈለገውም፤ በትክክለኛው ሰዓት ማሳ ላይ መገኘትና ዓይንን ከዛላው አለማንሣት ነው የጠየቀው። ቢሮ በ2፡30 ለሚገባ ሰው አበባው ሁልጊዜ ዝግ ነው።

አጎት፦ ሰዓቱን ማወቁስ ምን ጠቀመ? አበባው እንደሆነ ሥራውን ያለ ሰው ይሠራል።

ልጅ፦ ቅድም ያዩአቸውን ከረጢቶች አስተውለው ከሆነ፣ ቅርፊቱ ሲላቀቅ ከረጢቱም እዚያው ይቀደዳል። ብናኙ የሚወድቀው በገዛ ራሱ ሴቴ ላይ ነው። ከጎረቤት ብናኝ በንፋስ መጥቶ የሚቀድመው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። እኛ ልናዳቅለው ስንፈልግ አበባው ሊከፈት ሲቃረብ፣ ግን ገና ሳይከፈት፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ቅርፊቱን በመርፌ ገለጥ አድርገን ሦስቱን ከረጢቶች ሳይፈነዱ ነቅለን እናወጣለን። ያቺ አበባ እናት ብቻ ሆና ትቀራለች። ከዚያ አባት እንዲሆን የመረጥነው ጤፍ በማለዳ ሲከፈት ብናኙን ወስደን እናሳርፍባታለን። የሣር ብናኝ ዕድሜው አጭር ነው፤ ወዲያው ካልደረሰ ይሞታል። ለዚህ ነው ሰዓቱን ማወቅ ሁሉ ነገር የሆነው። እጅ ከተንቀጠቀጠ ሴቴዋ ትሰበራለች። ብዙ ተደክሞ የሚገኘው ጥቂት ፍሬ ነው።

አጎት፦ ሥራው ከሐር ጥልፍ ይብሳል።

ልጅ፦ እርስዎ የሚዘሩት ቁንጮ የዚህ ሥራ ውጤት ነው። በፊት ማኛ ነበረ፤ ነጭነቱ ገበያ ላይ ወደር የለውም፣ ምርቱ ግን ያንሳል። ዱከም የሚባለው ደግሞ ምርቱ ጥሩ ሆኖ ነጭነቱ ማኛን አያህልም፤ ነጋዴ አይወደውም። በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ሁለቱ ተዳቀሉ። ከዚያ ከተወለዱት መስመሮች 355 የሚል ቁጥር የያዘው ተመረጠና በ2006 እ.ኤ.አ. ቁንጮ ተብሎ ወጣ። በመዝገብ ላይ ያለው ስሙ ዲዜድ-ሲአር-387 ነው፤ ዲዜድ ደብረ ዘይት ሲሆን ሲአር የሚለው የተዳቀለ መሆኑን ይናገራል። ቀደም ብሎ የመጣው፣ ቶሎ የሚደርሰው ጸደይም በዚሁ መንገድ የተገኘ ነው።

አጎት፦ እዚህ ላይ የማይገባኝ ነገር አለ። የበቆሎ ዲቃላ ስንዘራ ዘሩን በየዓመቱ ግዙ ይሉናል። ከአውድማ አስቀርተሽ ብትዘሪው ረጅምና አጭሩ ተቀላቅሎ ይበቅላል፣ ምርቱም ይወርዳል። ቁንጮም ዲቃላ ነው አልሽኝ። እኔ ግን ስንት ጊዜ ከራሴ ጎተራ መልሼ ዘርቼዋለሁ፤ ያው ቁንጮ ነው።

ልጅ፦ ልዩነቱ ያለው አበባው ላይ ነው። በቆሎ ወንዴውን አናቱ ላይ፣ ሴቴውን ብብቱ ውስጥ አርቆ ነው ያስቀመጠው። ብናኙ በንፋስ ይነሣና ከሌላ አገዳ ፀጉር ላይ ያርፋል። የእሸቱ ፀጉር እያንዳንዱ ክር ወደ አንዲት ፍሬ ነው የሚወርደው። ጥርሱ የጎደለ በቆሎ ሲገጥምዎ ያቺ ክር ብናኝ ሳይደርሳት የቀረች ናት። እንግዲህ በቆሎ በየዓመቱ ከሌላው ጋር ስለሚደባለቅ ገበሬው የገዛው ዲቃላ በሁለተኛው ዓመት ይበተናል። ጤፍ ግን አንድ ጊዜ በሰው እጅ ከተዳቀለ በኋላ ወደ ልማዱ ይመለሳል። እያንዳንዱ ትውልድ ራሱን ሲያስረግዝ ከሁለቱ ወላጆች የመጣው ድብልቅ በግማሽ ይቀንሳል። በሰባተኛው ትውልድ ላይ ድብልቅ ሆኖ የሚቀረው ከመቶ አንድ አይሞላም። ቁንጮ ለእርስዎ የደረሰው ይህን ሁሉ ትውልድ ጨርሶ፣ ጠርቶ ነው። ስለዚህ ከጎተራዎ ቢዘሩት ያው ነው፤ ሌላ ዓይነት ዘር በመንሽና በአውድማ ካልተቀላቀለበት በቀር።

አጎት፦ ተይኝማ አንድ ነገር ልበልሽ። እኛ ስንጋባ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው። በሥጋ የቀረበ ሰው አይጋባም፤ ዘሩም አይባረክም ይባላል። ጤፍ ከራሱ ጋር ተጋብቶ፣ ልጁም ከራሱ ጋር ተጋብቶ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን እንዴት አልመነመነም?

ልጅ፦ ቻርለስ ዳርዊን የጠየቀው ይህንኑ ነው። በአትክልት ቦታው ለዓመታት አንዱን ተክል ከራሱም ከሌላውም እያዳቀለ ልጆቻቸውን ጎን ለጎን አስተያየ። በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ ከሌላ የተዳቀሉት በአብዛኛው ረዝመውና በርትተው እንደተገኙ ጽፏል። ቀደም ብሎም ተፈጥሮ ዘላለም ከራስ መዳቀልን አትወድም ብሎ ነበር። የእርስዎ ጥርጣሬ ከእሱ ጋር አንድ ነው።

አጎት፦ ታዲያ ጤፍ?

ልጅ፦ ጤፍን ሁለት ነገር ያዳነው ይመስለኛል። አንደኛው፣ ከራስ መዳቀል ተደብቆ የሚኖረውን ደዌ ወደ አደባባይ ያወጣዋል። ድብልቅ የሆነ ተክል መጥፎውን ባሕርይ በጥሩው ሥር ሸሽጎ ለልጅ ልጅ ያወርሰዋል። ራሱን የሚያስረግዝ ተክል ውስጥ ግን መጥፎው ቶሎ ተገልጦ ያን እግር ይገድለዋል። ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ የቀሩት ያን ፈተና ያለፉ ናቸው። ሁለተኛው የበለጠ ይገርማል። ጤፍ ከሁለት የተለያዩ የዱር ሣሮች መጋባት የተወለደ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋሱ ውስጥ 40 ክሮሞዞም አለ፤ ሃያው ከአንደኛው፣ ሃያው ከሁለተኛው አያት የመጣ ነው። ያ ጋብቻ የተፈጸመው ሰው ጤፍ መዝራት ከመጀመሩ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ከራሱ ጋር ብቻ ቢጋባም የሁለቱም አያቶች ሙሉ ስጦታ አብሮት ይኖራል፤ አንዱ በደከመበት ሌላው ይሠራል።

አጎት፦ ከሩቅ አገር ሰው አግብቶ በሩን እንደዘጋ ቤተሰብ ነው በይኛ።

ልጅ፦ በሩን መዝጋቱም ጥቅም አለው። ብቻውን በተራቆተ መሬት ላይ የወደቀ የጤፍ ፍሬ ጎረቤት አይፈልግም፣ ንብ አይጠብቅም፤ ራሱን ችሎ ያፈራል። ኑግን ይዩዋት። የኑግ ነገር የጤፍ ተቃራኒ ነው።

አጎት፦ ስለ ኑግ እኔም የማውቀው አለኝ። አጥር ሥር ብቻዋን የበቀለች ኑግ አይቼ ነበር። አበባዋ ያምራል፤ ስትደርስ ብትነቀንቂያት ፍሬዋ ባዶ ነው። አፈሩ ነው ብዬ ተውኩት።

ልጅ፦ አፈሩ አይደለም፤ ባል ማጣት ነው። ኑግ የራሷን ብናኝ ታውቀዋለች። ብናኝ ሴቴዋ ላይ ሲያርፍ እንደ ዘር ቱቦ ማብቀል አለበት። የራሷ ከሆነ ግን ቱቦው እንዳይበቅል ሴቴዋ ታግደዋለች። ከሌላ እግር የመጣ ሲሆን ብቻ ነው የምትቀበለው። ስለዚህ ኑግ ያለ ንብ እህል አይሆንም። ብናኟ የሚያጣብቅ ስለሆነ ንፋስ ብዙ አይረዳትም። እርስዎ ከኑግ ማር እወስዳለሁ ይላሉ፤ እውነቱን ለመናገር ኑጉን ራሱን የሚያፈሩት ንቦችዎ ናቸው። ጎረቤትዎ የሚያወጣው ዘይትም ከእርስዎ ቀፎ የተነሣ ነው።

አጎት፦ ይህንስ ለጎረቤቴ ንገሪልኝ። መድኃኒት የሚረጨው በጠራራ ፀሐይ፣ ንቡ አበባው ላይ ተኮልኩሎ ሳለ ነው።

ልጅ፦ እነግረዋለሁ። ተባይ መግደያ ካስፈለገ አበባ ላይ ንብ በሌለበት፣ አመሻሽ ላይ ነው መረጨት ያለበት። የአረም መድኃኒቱ፣ ቱፎርዲው ደግሞ ሌላ ነገር አለው። ጤፍን የማይገድለው ጤፍ ባለ አንድ ክክ ስለሆነ ነው። ባለ ሁለት ክኮቹን፣ ቅጠለ ሰፋፊዎቹን ይገድላል፤ ከእነሱም መካከል ንቡ ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው የሚሻገርባቸው የዳር አበቦች አሉ። ጤፍ ንብ አያስፈልገውም ብሎ ዳሩን ሁሉ የሚያነድ ገበሬ የኑጉን፣ የባቄላውን፣ የጎመን ዘሩን ምርት ከራሱ ላይ እየቀነሰ ነው። ይኼ ሲታሰብ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ጉዳቱ የሚታየው ከዓመት በኋላ፣ ያውም በሌላ ሰብል ላይ ነው።

አጎት፦ የኑግ አበባ ስንት ጊዜ ነው የሚቆየው? ንቡ ወደዚያችው አበባ ደጋግሞ ሲመላለስ አያለሁ።

ልጅ፦ ያቺ «አበባ» አንድ አበባ አይደለችም። ይችን ይቁረጧትና መነጽሩን ያድርጉባት። በዙሪያዋ ያሉት ስምንት ቢጫ ቅጠል የሚመስሉት እያንዳንዳቸው አበባ ናቸው። መሃል ላይ ያለው ጥቅጥቅ ያለው ደግሞ በብዙ አሥሮች የሚቆጠሩ ቱቦ መሳይ አበቦች ጉባኤ ነው። ከዳር ወደ መሃል በየቀኑ ተራ ተራ እያሉ ይከፈታሉ። ንቡ ዛሬ የጎበኘው ቀለበት ነገ የሚጎበኘው አይደለም። አደይ አበባም እንዲሁ ናት፤ ከኑግ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። ልጆች ለዕንቁጣጣሽ የሚይዟት አንዲት አደይ በእውነቱ እቅፍ ሙሉ አበባ ናት።

አጎት፦ ይኼንን ሳላውቅ መኖሬ! አሁን ወደ ጤፋችን መልሺኝ። ብናኙ ሴቴዋ ላይ ወደቀ፣ ቱቦ አበቀለ አልሽ። ከዚያ ወዲያ ምን ይሆናል?

ልጅ፦ እዚህ ላይ ነው አበባ ካላቸው ዕፅዋት በቀር ማንም የማያደርገው ነገር የሚመጣው። ቱቦው ወደ ታች እየረዘመ ሄዶ እንቡጧ ውስጥ ያለውን ዕንቁላል ያገኛል። ይዞት የሚሄደው የወንዴ ሕዋስ አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። አንደኛው ከዕንቁላሉ ጋር ይዋሐዳል፤ እሱ ሽል ይሆናል፣ ሲዘሩት የሚበቅለው እሱ ነው። ሁለተኛው ግን እዚያው መሃል ካሉ ሁለት የእናት አስኳሎች ጋር ይገጥማል። ከዚህ ሁለተኛ ጽንስ የሚያድገው ልጅ አይደለም፤ ለልጁ የሚሆን ምግብ ነው። ስታርች የሚከማችበት ነጩ የፍሬው ሆድ እሱ ነው። ይህን ያገኘው በ1898 በኪየቭ ይሠራ የነበረ ሰርጌ ናቫሺን የሚባል የዕፅዋት ሊቅ ነው። በማግሥቱ ዓመት በፈረንሳይ ሊዮን ጊኛርም ያንኑ አረጋገጠ። ከዚያ በፊት የሰው ልጅ ለሺህ ዓመታት እህል ሲበላ እህሉ ከምን እንደሚሠራ አያውቅም ነበር።

አጎት፦ እንግዲያው እንጀራው…

ልጅ፦ እንጀራው በአብዛኛው የዚያ ሁለተኛ ጽንስ ፍሬ ነው ጋሼ። ሁለት እጁ ከእናት፣ አንድ እጁ ከአባት። ጤፍ ከትንሽነቱ የተነሣ ተፈትጎ ስለማይለይ ሽሉንም ቅርፊቱንም አብረን እንፈጨዋለን፤ መጠኑ የሚበልጠው ግን ይኼ ምግቡ ነው። በአንድ ግራም ውስጥ 3,000 ያህል የጤፍ ፍሬ አለ። በአንድ ኪሎ ሦስት ሚሊዮን ማለት ነው። እያንዳንዷ ፍሬ እንደዛሬው በአንድ ማለዳ ተከፍታ የተዘጋች አበባ ነበረች፤ በእያንዳንዷም ውስጥ ሁለት ጊዜ ጽንስ ተፈጽሟል።

አጎት፦ ለምን ሁለተኛ ጽንስ አስፈለገ? እናትየዋ ምግቡን አስቀድማ አታዘጋጅም ነበር?

ልጅ፦ ጥድ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ጥድ አበባ የለውም፤ ጽንሱ ይያዝ አይያዝ ሳይታወቅ በእንቡጡ ውስጥ ምግብ ያከማቻል። ጽንሱ ካልተያዘ ድካሙ ከንቱ ነው። አበባ ያለው ተክል ግን ምግቡንና ልጁን በአንድ ጊዜ ነው የሚጀምረው። ልጅ ከሌለ ምግብም አይጀመርም፤ ባዶ ፍሬ ላይ ሀብት አይፈስም። ያቺ ባዶዋ ኑግዎ ለዚህ ነው ገለባ ብቻ የሆነችው። እኔ እንደማየው ስንዴ፣ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ጤፍ ዓለምን ሊመግቡ የቻሉት በዚህ ቁጠባ ነው።

አጎት፦ ይኼ ሁሉ ሲሆን ደስ ይላል። አንድ የሚያስቆጨኝ ነገር ግን አለ፤ አትቀየሚኝ። ቁንጮ ከመጣ ወዲህ በዚህ ሰፈር የድሮውን ዘር የሚዘራ ጠፋ። እናንተ ያመጣችሁት የአባቶቻችንን ዘር በላው። ነገ ቁንጮን የሚጠላ በሽታ ቢመጣ ከሰው ደጅ ዘር ልንለምን ነው? ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ልጅ፦ አልቀየምም፤ እውነት ነው። የማኛና የዱከም እናታቸው የገበሬ ማሳ ናት። ሁለቱም ከድሮ ዘር ውስጥ ተለይተው የወጡ ናቸው፤ እኛ አገናኘናቸው እንጂ አልፈጠርናቸውም። የገበሬው ዘር ካለቀ የምናዳቅለው ወላጅ አይኖርም። በ1976 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው፣ በሺዎች የሚቆጠር የጤፍ ናሙና በብርድ ክፍል ይዟል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን በብርድ ክፍል ያለ ዘር አይለወጥም፤ ማሳ ላይ ያለው ከዘንድሮው ዝናብ ጋር ይታገላል። ስለዚህ እርስዎ ያችን የሰርገኛ ቁራጭ መሬትዎን እንዳይተዋት እለምንዎታለሁ።

አጎት፦ እሷንማ ለቤት ፍጆታ እዘራታለሁ። እንዲያውም አምና ጥቅምት ላይ ያ ዝናብ ከንፋስ ጋር መጥቶ ጤፉን ሁሉ አስተኝቶት ሳለ ሰርገኛው ውስጥ እዚህም እዚያም ቀጥ ብለው የቆሙ እግሮች ነበሩ። ከእነሱ ዘር ብለይ ይጠቅማል?

ልጅ፦ በሰርገኛው ውስጥ በጣም ይጠቅማል። ሰርገኛ የብዙ ዓይነት ጤፍ ድብልቅ ነው፤ ግን እያንዳንዱ እግር በራሱ ንጹሕ ዘር ነው፣ ምክንያቱም ራሱን ነው የሚያስረግዘው። ነጩን እግር ቢለዩ ነጭ፣ ቀዩን ቢለዩ ቀይ ይወጣልዎታል። ያልወደቀው እግር ያልወደቀው በባሕርዩ ከሆነ ልጆቹም እንደሱ ይሆናሉ።

አጎት፦ ከቁንጮውስ?

ልጅ፦ ከቁንጮው አይድከሙ። ዊልሄልም ዮሐንሰን የሚባል ዴንማርካዊ በ1903 ይህንን በቦሎቄ አሳይቷል። ከአንድ እግር በወረደ ንጹሕ ዘር ውስጥ ትልልቁን ፍሬ ለይተው ቢዘሩም ትንንሹን ቢዘሩም የሚወጣው ያው ነው። ልዩነቱ ከዘር ሳይሆን ከመሬቱ፣ ከውኃው፣ ከፍግ መብዛትና ማነስ የመጣ ነው። ቁንጮ አንድ መስመር ነው። ቀጥ ብላ የቆመች የቁንጮ እግር ካዩ ምናልባት አጠገቧ ድንጋይ ደግፏት ነው።

አጎት፦ ታዲያ ሰርገኛው ውስጥ የቆመውንስ ድንጋይ ደግፎት እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?

ልጅ፦ ለዚህ ነው አንድ ዓመት የማይበቃው። ዘንድሮ ጤፉ ሲተኛ ያልተኙትን በክር ምልክት ያድርጉባቸው። ሲደርሱ አብረው አይውቋቸው፤ እያንዳንዱን ዛላ በየራሱ ወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡ። ለሚቀጥለው ክረምት አንዱን ዛላ በአንድ መስመር፣ ሌላውን በሌላ መስመር፣ ጎን ለጎን ይዝሯቸው። መሃል መሃል ላይ ተራውን ሰርገኛ ይዝሩ፤ ከእሱ ጋር ያስተያዩታል። ፈጽሞ የማይወድቅ ላያገኙ ይችላሉ፤ ጤፍ አገዳው ቀጭን ነው። ከሌላው በኋላ የሚወድቅ ካገኙ ግን ትልቅ ነገር ነው። ሲገኝ ግማሹን ለእኔ ይስጡኝ፣ ከቁንጮ ጋር ላዳቅለው፤ ግማሹ ከጎተራዎ አይውጣ።

አጎት፦ ደግ። ከኑጉም እንዲሁ ጥሩ ጥሩዋን እግር ልለይ?

ልጅ፦ ከኑግ በዚህ መንገድ አይሆንም። እርስዎ እናቷን ብቻ ነው የሚያውቁት፤ አባቷ ከየትኛው እግር እንደመጣ ንቡ ነው የሚያውቀው። ከጥቂት እግር ብቻ ከለዩ ደግሞ ሁሉም ዘመድ ይሆኑና እርስ በርስ አይቀበሉም፤ ባዶ ፍሬ ይበዛል። ከኑግ ሲለዩ ከብዙ እግር ይለዩ፣ አንድ ላይ ይቀላቅሉት፣ ደካማዎቹን ደግሞ ሳያብቡ ይንቀሏቸው። ሳያብቡ ነው፤ አንዴ ካበቡ ብናኛቸው ማሳውን አዳርሶታል።

አጎት፦ እንግዲያው ክሩን ከቤት ላምጣ፤ ሰርገኛው ከወዲህኛው ዳር መዘንበል ጀምሯል።